ጤና ጣቢያው ለልጆቹ ሩቅ ነው፤ ትምህርት ቤታቸው ውስጥ አንድ ክፍል እናዘጋጅላቸው

ከጥቁር ሰሌዳው ላይ ጽፋ የማታውቅ ተማሪ ነበረችኝ። ሁልጊዜ የምትገለብጠው ከጎኗ ልጅ ደብተር ነበር። ሰነፍ መስላኝ ደጋግሜ ተቆጥቻታለሁ። አንድ ቀን "እስቲ ሰሌዳው ላይ ያለውን አንብቢ" አልኳት። ተነሥታ መጣች። አፍንጫዋ ሰሌዳውን ሊነካ ሲል ቆመችና አንድ ፊደል ሳትስት አነበበችው። ለካስ ከሩቅ አይታያትም! ቁጣዬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እሷ ግን አንድም ቀን "አይታየኝም" ብላ አታውቅም። ሁሉም ሰው እንደሷ የሚያይ ይመስላት ነበር። የልጆች ነገር እንዲህ ነው። አብሯቸው ያደገውን ሕመም ሕመም ነው አይሉትም። መነጽር ያገኘችው ደግሞ ከዓመት በኋላ ነው። ይዟት የሚሄድ ሰው አልተገኘም ነበር።

በገጠር ትምህርት ቤት የምናስተምር ይህን በየቀኑ እናያለን። ዴስክ ላይ ተደፍቶ የሚተኛ ልጅ አለ። የመንጠቆ ትል ይዞት ሊሆን ይችላል። ትሉ በባዶ እግር ቆዳ ሰርስሮ ይገባል፤ አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም ይመጥጣል። የልጁ ደም ያንሳል፣ ይደክመዋል፣ ትምህርቱ አልገባው ይላል። መድኃኒቱ ግን ከባድ አይደለም። 400 ሚሊ ግራም አልቤንዳዞል፣ አንዴ የሚዋጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከልጆች 20 በመቶው ወይም ከዚያ በላይ የአንጀት ትል ባለባቸው አካባቢዎች በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከ50 በመቶ በላይ በሆነባቸው ደግሞ ሁለት ጊዜ እንዲሰጥ ይመክራል። ዓይኑን ሲያሽ የሚውልም አለ። ትራኮማ ከሆነና ደጋግሞ ከያዘው፣ ከዓመታት በኋላ የዐይኑ ሽፋን ወደ ውስጥ ይታጠፍና ሽፋሽፍቱ ብሌኑን እየፋቀ ያሳውረዋል። እከኩ፣ ጭርቱ፣ የተበላው ጥርስ ሌላ ነው።

ታዲያ ለምን አይታከሙም? ልጅ ብቻውን ጤና ጣቢያ አይሄድም። እናት ወይም አባት ሥራ ፈትተው መውሰድ አለባቸው። መንገዱ ረጅም ነው። ሲደርሱ ወረፋ አለ፤ "መድኃኒቱ አልቋል፣ ሌላ ቀን ኑ" ሊባሉም ይችላሉ። ስለዚህ ትኩሳት ወይም ስብራት ካልሆነ በቀር "ይተወዋል" ተብሎ ይታለፋል። ወላጆቹ ግድ የላቸውም የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ በጣም ይከፋኛል። የታመመ ልጁን አዝሎ ያን ሁሉ መንገድ የሄደ አባት በዓይኔ አይቻለሁ። የቸገረው ርቀቱ ነው እንጂ ፍቅሩ አይደለም።

የወላጆችና የመምህራን ኮሚቴያችን ያሰበው ምርመራውን ወደ ልጆቹ ማምጣት ነው። ልጆቹ በየቀኑ የሚገኙት ትምህርት ቤት ነውና። ባዶ የነበረ አንድ ክፍል ለዚህ ተሰጥቶናል። የጤና ባለሙያ በወር አንዴ እየመጣ እንዲያያቸው ተስማምተናል። የሚያስፈልገን አልጋ፣ መጋረጃ፣ ሚዛን፣ የቁመት መለኪያ፣ የዓይን መመርመሪያ ሰሌዳ፣ የመጀመሪያ ርዳታ ሳጥን፣ ቧንቧ ያለው የውኃ ማጠራቀሚያና ሳሙና ነው። ሴት ልጆች በወር አበባቸው ጊዜ ወደ ቤት እንዳይቀሩ ሞዴስም እናስቀምጣለን።

ከሁሉም አብልጬ የምለምናችሁ ግን ለመጓጓዣው ነው። የባለሙያው መምጫ አለ። ከዚያ በላይ ደግሞ "ሆስፒታል ይሂድ" የተባለ ልጅ ከነወላጁ የሚሄድበት ገንዘብ አለ። መርምረን፣ ችግሩን ነግረን፣ መሄጃ ካላገኘንለት ምኑን ረዳነው?

አንድ ነገር አደራ፤ ከቤታችሁ የተረፈ መድኃኒት አታምጡልን። ደግነታችሁ ይገባናል። ነገር ግን ጊዜው ያለፈበት ወይም ምንነቱ በቅጡ ያልታወቀ መድኃኒት ልጅ ሊጎዳ ይችላል። መድኃኒቱ በባለሙያው በኩል ይመጣል።

ገንዘብ የምትሰጡ ለኮሚቴው ገንዘብ ያዥ ስጡና ደረሰኝ ተቀበሉ። ገቢና ወጪው በየወሩ መጨረሻ በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፋል። እጃችሁ ያጠራችሁ ጉልበታችሁን አምጡ፤ አናጺና ቀለም ቀቢ እንፈልጋለን። የሰፈር ልጆች ከተማ ያላችሁ ደግሞ ጓደኞቻችሁን አስተባብሩልን።

ክፍሉ ተጠርጓል። ከግድግዳው 6 ሜትር ለክተን ወለሉ ላይ ልጆቹ የሚቆሙበትን መስመር በኖራ አስምረናል። የዓይን መመርመሪያው ሰሌዳ ግን ገና አልተገዛም።