ከግሸን የሚመለሰው እንግዳ ደሴ ላይ አንድ ሌሊት ይደርብ

ለአማራ ክልል ባህልና ቱሪዝም ቢሮ
ግልባጭ፦ ለደሴ ከተማ አስተዳደር

ጉዳዩ፦ የወሎ ከተሞችን ቱሪዝም ይመለከታል

ክቡራን የሥራ ኃላፊዎች፣

እኔ በደሴ መናኸሪያ አካባቢ አነስተኛ ማረፊያ ቤት የማስተዳድር፣ እንግዳ በመቀበልና በመሸኘት ብዙ ዓመታት ያሳለፍሁ ነዋሪ ነኝ። የወሎ ቱሪዝም በተነሳ ቁጥር ንግግሩ ቶሎ ወደ ላሊበላና ወደ ውጭ አገር ጎብኚ ያመራል። ላሊበላ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ የሁላችን ኩራት ነውና መቅደሙ ይገባዋል። እኔ የምጽፈው ስለ ደሴ፣ ስለ ኮምቦልቻ፣ ስለ ሐይቅና ስለ ባቲ ነው። እነዚህ ከተሞች ነገ የጎብኚ መዳረሻ ይሁኑ ወይም መኪና መቀየሪያ ሆነው ይቅሩ የሚለውን ከሁሉ በላይ የሚወስነው፣ በየዓመቱ ደጃችን ድረስ የሚመጣውን ተሳላሚና ዘያሪ እንደ ጎብኚ ማስተናገዳችን ወይም አለማስተናገዳችን ነው ብዬ አምናለሁ።

መስከረም 21 ለግሸን ማርያም ንግሥ የሚጓዘው ምእመን ከየአገሩ በደሴ በኩል ያልፋል። የሙስሊሞች የዚያራ ስፍራ ወደሆነው ጀማ ንጉሥ ለመውሊድ የሚወጣውም እንዲሁ ነው። ይህ ሰው ማስታወቂያ አይፈልግም፤ ዓመቱን ሙሉ ሲቆጥብ ቆይቶ፣ ስለት ይዞ፣ ቤተሰቡን አስከትሎ የሚመጣ ነው። እኛ ግን አንድ ሌሊት አሳድረን፣ ሻይና ዳቦ ሸጠንለት፣ ጎህ ሳይቀድ መኪና ላይ እናሳፍረዋለን።

በአንድ ዓመት ከግሸን የተመለሱ አንዲት እናት ከሁለት ልጆቻቸው ጋር እኔ ዘንድ አረፉ። ነጠላቸው የመንገዱን አቧራ ጠጥቶ ቀልሟል፤ በአንድ እጃቸው ጸበል የሞላች ትንሽ ጀሪካን፣ በሌላው በወረቀት የተጠቀለለ እምነት ይዘዋል። መኪናቸው የሚነሳው በማግስቱ ስለነበር፣ «ልጄ፣ እስከዚያ ለእነዚህ ልጆች የማሳያቸው ነገር በከተማችሁ አይጠፋም መቼስ» አሉኝ። ደስ ብሎኝ ወደ አንድ የታሪክ ስፍራ ይዣቸው ሄድሁ። በሩ ተዘግቷል። ጥበቃው ቁልፍ ያዡ ስብሰባ ላይ መሆናቸውን፣ መቼ እንደሚመለሱም እንደማያውቅ በትሕትና ነገረኝ። ትንሹ ልጅ በበሩ ቀዳዳ አጮልቆ አየና ዝም አለ። ወደ ቤት መልሼ ቡና አስፈላሁላቸው፤ እናትየው በረካው እስኪጠጣ ድረስ ሲመርቁን ቆዩ። ያ ምርቃት እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል፤ ከተማዬን ሊያዩ መጥተው የእኔን ሳሎን ብቻ አይተው ነው የሄዱት።

የሚታይ ነገር ጠፍቶ አይደለም። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ እዚሁ ከተማው ውስጥ ነው፤ ግብር ይበላበት የነበረው የዚህ አዳራሽ ስም ራሱ ስለ ወሎ እንግዳ አቀባበል የሚናገረው አለው። ከከተማው ወጣ ሲባል በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ጉባኤ የተካሄደበት ቦሩ ሜዳ አለ። ወደ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ሲኬድ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ይገኛል፤ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት ነው። በዚያው አቅጣጫ አምባሰል ውስጥ ይስማ ንጉሥ አለ፤ በ1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል የተፈረመበት ስፍራ። በኮምቦልቻ በኩል ሰኞ ዕለት ወደ ባቲ የወረደ ሰው አማራው፣ ኦሮሞውና አፋሩ በአንድ ገበያ ሲገናኙ ያያል። ባቲና አምባሰል የቅኝት ስሞችም መሆናቸውን የማያውቅ ዘፈን ወዳድ የለም፤ ሆኖም አንድ እንግዳ ደሴ አድሮ እነዚህን ቅኝቶች በማሲንቆ የት ሄጄ ልስማ ቢለኝ የምመልሰው የለኝም። እነዚህን ስፍራዎች ደሴን ማደሪያ አድርጎ በሁለት ቀን መጎብኘት ይቻላል።

ሰላም ሳይኖር ይህ ሁሉ ከንቱ መሆኑን አልዘነጋሁም። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ምን እንዳጣን ሁላችንም እናውቃለን፤ ዛሬም አንድ ቤተሰብ ጉዞ ከማሰቡ በፊት የሚጠይቀው «መንገዱ እንዴት ነው?» ብሎ ነው። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ የሚደርሰው የባቡር መስመር አገልግሎት ቢጀምር ትልቅ እፎይታ ይሆን ነበር። እነዚህ ከቢሮው አቅም በላይ ስለሆኑ በዚሁ አልፋቸዋለሁ።

በእጃችሁ ካሉት ነገሮች አሳሳቢው የአሮጌ ቤቶች ጉዳይ ነው። የፒያሳና የአራዳ በረንዳ ያላቸው የእንጨትና የጭቃ ቤቶች አንድ በአንድ እየፈረሱ በመስታወት ሕንፃ እየተተኩ ነው። ልማቱን አልቃወምም፤ እኔም ውኃ የማይቋረጥበት ቤት እፈልጋለሁ። ነገር ግን የከተማ ጎብኚ የሚመጣው በሌላ ከተማ የማያየውን ሰፈር ለማየት ነው፤ መስታወት ያለበትን ሕንፃ አዲስ አበባም ያገኘዋል። ስለዚህ ከማፍረሻ ፈቃድ በፊት ቤቱ በባለሙያ ይታይ፣ ፎቶግራፍ ይነሳ፣ የሚጠበቀውም ይለይ። ባለቤቱ ጠብቆ በማቆየቱ እንዳይጎዳ ደግሞ የግብር ቅናሽ ወይም የጥገና ድጋፍ ይታሰብለት፤ ደሃ ሰው ቅርስ ጠብቅ ተብሎ በሚያፈስ ጣሪያ ሥር ሊኖር አይገባውም።

ሌላው ልመናዬ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። በግሸንና በመውሊድ ሰሞን በደሴና በአካባቢው ያሉ የታሪክ ስፍራዎች ቅዳሜና እሑድን ጨምሮ ክፍት ይሁኑ፤ ቁልፉም ተተኪ ያዥ ይኑረው። የከተማው ወጣቶች በአስጎብኚነት ሠልጥነው፣ ዋጋቸው ታውቆ፣ መናኸሪያው በር ላይ እንግዳ ይቀበሉ። በዚያው አካባቢ ንጹሕ መጸዳጃ ቤት ይሠራ፤ ሌሊቱን ሲጓዙ ያደሩ እናቶች ከመኪና ወርደው መጀመሪያ የሚጠይቁኝ እሱን ነው። እኛ የአልጋ ቤት ባለቤቶችም እንግዳው ከየት እንደመጣና ስንት ሌሊት እንዳደረ መዝግበን በየወሩ ለመስጠት ዝግጁ ነን፤ ቅጹን ብቻ ስጡን።

ከመጪው መስከረም 21 አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ እያንዳንዱ ስፍራ የሚከፈትበት ሰዓትና የመግቢያው ዋጋ የተጻፈበት አንድ ገጽ ቢደርሰን እያንዳንዳችን በየክፍላችን በር ላይ እንለጥፈዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
በደሴ ከተማ የማረፊያ ቤት ባለቤት