ተቃርኖና ግድፈት ለየብቻ ይመዘኑ

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

በጊዜ ጉዞ ላይ የተመሠረቱ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማዎች በተነሱ ቁጥር የሚሰነዘረው ወቀሳ አንድ ዓይነት ነው፤ «ታሪኩ እርስ በርሱ ይጣረሳል» ይባልና ነገሩ በዚያው ይዘጋል። በዚህ ፍርድ የማልስማማው ድራማዎቹ እንከን የለባቸውም ብዬ ሳይሆን፣ ፈጽሞ የተለያዩ ሁለት ነገሮች በአንድ ስም ስለሚጠሩ ነው። አንደኛው ደራሲው አውቆ የሚያመጣው ተቃርኖ ሲሆን፣ ሌላው ቀድሞ የተነገረውን ካለማስታወስ የሚመጣ ግድፈት ነው። ሁለቱን ለይቶ ለማየት ከ1963 ጀምሮ ብዙ ደራስያን እየተቀባበሉ ከጻፉት ከቢቢሲው «ዶክተር ሁ» የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1975 በተላለፈው «የማርስ ፒራሚዶች» በተሰኘው ታሪክ ውስጥ የድራማው ዋና ገጸ ባሕርይ የሆነው የጊዜ ተጓዥ ዶክተሩና የጉዞ ጓደኛው ጋዜጠኛዋ ሳራ ጄን ስሚዝ በ1911 እንግሊዝ ውስጥ ይገኛሉ፤ በግብፅ ፒራሚድ ሥር የታሰረው ሱቴክ የተባለ ኃያል ፍጡር ደግሞ ራሱን ነጻ አውጥቶ ዓለምን ለማጥፋት እየሠራ ነው። ሳራ ማንኛችንም ልናነሳው የምንችለውን ጥያቄ ታነሳለች፦ እኔ የመጣሁት ከ1980 ነው፣ ዓለም በ1911 አለመጥፋቷንም አውቃለሁ፣ ታዲያ ለምን ትተነው አንሄድም? ዶክተሩ ክርክር አይገጥማትም፤ ታርዲስ በተባለው የጊዜ መጓጓዣው ወደ 1980 ይወስዳትና በሩን ይከፍትላታል። ከበሩ ውጭ ያለው ማዕበል የሚያናፍሰው ጠፍ ምድር ብቻ ነው። ሱቴክ ካልተገታ የእሷ ዘመን አይኖርም ማለት ነው፤ ስለዚህ ወደ 1911 ይመለሳሉ። ደራሲው ከተቃርኖው አልሸሸም፤ ፊት ለፊት አምጥቶ ሕጉን በዓይናችን አሳየን እንጂ። እኔ በዚህ ዘርፍ ካየኋቸው ትዕይንቶች ሁሉ የማስበልጠው ይህንን ነው።

የሚያሳዝነው፣ ያቺው «1980» የምትለው ቃል ከስምንት ዓመት በኋላ የድራማው ትልቁ ግድፈት ምክንያት መሆኗ ነው። ሳራ ጄን ብርጋዴር ሌዝብሪጅ ስቲዋርትን የምታውቀው ዩኒት የተባለው ግብረ ኃይል አዛዥ ሳለ ነው። በ1983 የተላለፈው «ሞድሪን አንዴድ» ግን ብርጋዴሩን ገና በ1977 ከውትድርና ተሰናብቶ በወንዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ሒሳብ ሲያስተምር ያሳየናል። ከልጄ ጋር ድራማውን ስናይ የየታሪኩን ዘመን በደብተር እየመዘገብን ነበርና፣ እዚህ ላይ ስንደርስ ልጄ ራሷ የተሳሳተች መስሏት 1977 የሚለውን በላጲስ አጥፍታ እንደገና ጻፈችው። የተሳሳተችው እሷ አልነበረችም። ስህተቱ ከየት እንደመጣም ይታወቃል፤ ለዚያ የመምህርነት ሚና መጀመሪያ የታሰበው ከድራማው ቀደምት ገጸ ባሕርያት አንዱና በሙያው መምህር የነበረው ኢያን ቼስተርተን ነበር፣ ተዋናዩ ሊገኝ ባለመቻሉ ሚናው በመጨረሻ ለብርጋዴሩ ተሰጠ፤ ዓመተ ምሕረቱ ግን ከእሱ የሕይወት ታሪክ ጋር አልተመሳከረም። ሳራ ዓመቱን አጠጋግታ ተናግራ ይሆናል የሚሉ ወዳጆች አሉ፤ እኔ ግን ተመልካች ለአዘጋጅ ቸልተኝነት ማስተባበያ የመፈለግ ግዴታ አለበት ብዬ አላምንም።

ነገሩን ይበልጥ ግልጽ የሚያደርገው፣ ቀኑን ያዛባው ያው የ1983 ታሪክ ተቃርኖውን እጅግ በጥንቃቄ መያዙ ነው። ድራማው በ1972 የብሊኖቪች ሕግ ብሎ የሰየመው ገደብ ነበረው፤ በዚህ ታሪክ ላይ ሕጉ አንድ ሰው ከሌላ ዘመን ከመጣው ራሱ ጋር መነካካት የለበትም ማለት ነው። በዚህ ታሪክ የ1977ቱ ብርጋዴርና የ1983ቱ ብርጋዴር በአንድ የጠፈር መርከብ ላይ ይገናኛሉ፤ እጃቸው ሲነካካ ትልቅ ኃይል ይፈነዳል፣ የታሪኩ ቋጠሮ የሚፈታውም በዚያው ቅጽበት ነው። አረጋዊውን ብርጋዴር ከመጀመሪያው ጀምሮ ያስጨነቀው የ1977 የማስታወስ ችሎታ መጥፋትም ምክንያቱ ይኸው ንክኪ ሆኖ ይገኛል። መንስኤውና ውጤቱ ተያይዘው ቢዞሩም ክበቡ በትክክል ገጥሟል።

በ2009 በታየው የአሜሪካው «ሎስት» አምስተኛ ምዕራፍ ያለው ኮምፓስም ከዚሁ ወገን ነው። ሪቻርድ የተባለው ገጸ ባሕርይ ሎክ ለተባለው ይሰጠዋል፣ ሎክ ደግሞ ወደ 1954 ተወስዶ መልሶ ለሪቻርድ ይሰጠዋል፤ የሠራው ማንም የለም። በየዙሩ ከሃምሳ ዓመት በላይ በኪስ የሚቆይ ብረት እንዴት አያረጅም የሚለው ጥያቄ ግን ተገቢ ነው፤ ድራማውም መልስ አልሰጠበትም።

ስለዚህ በጋዜጣችሁ የኪነ ጥበብ ገጽ ላይ የሚጽፉ ሐያስያን እንዲህ ያለ ድራማ ሲገመግሙ፣ በቅድሚያ ድራማው ለራሱ ያወጣው ሕግ ምን እንደሆነ ለአንባቢ ቢነግሩን፣ ቀጥሎም የጣሰው በየትኛው ክፍል እንደሆነ፣ የትኛው ንግግር ከየትኛው ጋር እንደሚጋጭ ለይተው ቢጽፉልን በአክብሮት እጠይቃለሁ። የ1977ና የ1980 መጋጨት ስህተት ተብሎ ይጻፍ፤ የሁለቱ ብርጋዴሮች እጅ መነካካት ግን በዚያ ስም ሊጠራ አይገባውም።

ከአክብሮት ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ