ሰብልዬ፣ እማዬን አስረጂልኝ

ሰብልዬ እንዴት ነሽልኝ? ድምፄን ካጠፋሁ ዓመት ከምናምን ሆነኝ፣ ተቀይማኝ ነው ብለሽ ከሆነ በማርያም አይደለም። ማሙሽ ታስሯል። ምን አርጎ ነው አትበዪኝ፣ እሱን ስንገናኝ አወራሻለሁ።

ያቃጠለኝ ስልኩ ነው። እዚህ አሜሪካ እስረኛ የሚደውለው እስር ቤቱ በተዋዋለው ካምፓኒ ብቻ ነው፣ እኔ አካውንቱ ላይ ብር እሞላለሁ እሱ ይደውላል፣ ደቂቃው 21 ሳንቲም፣ 15 ደቂቃ ሲሞላ ጥርቅም፣ በሞላሁ ቁጥር ደሞ 3 ዶላር የአገልግሎት ክፍያ አለው፣ በየቀኑ ሲደውል በወር መቶ ዶላር ያልፋል። እስር ቤቱም ከዛው ላይ ኮሚሽኑን ሲያገኝ ነው የኖረው፣ ታዲያ ርካሹን ካምፓኒ ምን በወጣው ይመርጣል?

ዲሲ ውስጥ ማርታ ራይት የሚባሉ ዓይናቸው የማያይ አያት ነበሩ፣ የታሰረ የልጅ ልጃቸውን ለማውራት ሲከፍሉ ሲከፍሉ በፈረንጆቹ 2003 ኤፍሲሲ፣ የስልኩን ነገር የሚቆጣጠረው የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤት ዘንድ አቤት አሉ። በ2015 አረፉ፣ በስማቸው የወጣው የእስረኛ ስልክ ዋጋ ሕግ የተፈረመው 2023 ጃንዋሪ ላይ ነው እስቲ አስቢው። በ2024 ኤፍሲሲ ለትልልቆቹ እስር ቤቶች ደቂቃው ከ6 ሳንቲም አይለፍ ብሎ ወሰነ ሲባል ጮቤ ረገጥኩ፣ የኛም ይቀንሳል ብዬ፣ በ2025 መልሰው የሚጀመርበትን ቀን ገፉት። ኮኔቲከትና ካሊፎርኒያ ስቴት እስር ቤት ያለ ሰው በነፃ ነው የሚደውለው፣ እንግዲህ እኛ እዛ አልታሰርን (ሳቂ በቃ)።

ግን የጻፍኩልሽ በእማዬ ነው። ለፋሲካ ድምፁን ካልሰማሁ አልገድፍም አለችኝ። ሦስተኛ ሰው መስመር ላይ ማስገባት ክልክል ነው፣ እኔ ደሞ ሞኟ እሷን በሌላ ስልክ ደውዬ ሁለቱንም ስፒከር ላይ አርጌ አፍ ለአፍ ገጠምኳቸው። "ማሙሽዬ" ከማለቷ ጢጥ አለና ተቋረጠ፣ ማሽኑ ነቅቶብን ነው መሰለኝ። እሷ ምን ብትል ጥሩ ነው፣ "ዘጋብኝ? ልጄ ተቀይሞኛል?" እኔ ማሽን ነው ብላት አታምነኝም፣ ለሱ አድልተሽ ነው ትለኛለች። ከዛ ወዲህ ስለሱ አትጠይቀኝም።

ቅዳሜ ከገበያ ስትመለሺ ጎራ በዪና አንቺ ንገሪያት፣ አንቺን ትሰማለች። ልትነግረው የምትፈልገውንም ጽፈሽ ላኪልኝ፣ እኔ አነብለታለሁ።

ደውዪልኝ ደሞ፣ ብቻ በኛ ማታ 2 ሰዓት ላይ እንዳይሆን፣ እሷ የሱ ሰዓት ናት።