ባሕር ዳር ላይ ባሕር አለኝ

ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን አለህ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እማዬም ደህና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ ነው የሚያስቸግራት። ትንሿ ልጄ ሁለተኛ ክፍል ገብታለች።

ሰላምታው ይኸው። ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን ያጠፋሁት ተቀይሜህ አይደለም። አፍሬ ነው። ዓሦቹ ሞተውብኛል።

ለፋሲካ ስትመጣ ለመስታወት የዓሣ ገንዳዬ ብለህ ከዱባይ በሻንጣህ ያመጣሃትን የባሕር ጨው ባልዲ መቼም አትረሳትም። እሷን እያስረከብከኝ «ዓሣ ከማስገባትህ በፊት ስድስት ሳምንት ጠብቅ» ብለኸኝ ነበር። እኔ የጠበቅሁት ዘጠኝ ቀን ነው። ውሃው ጥርት ብሎ ሳየው ከዚህ በላይ ምን እጠብቃለሁ አልኩ። ለካ ችግሩ በዓይን አይታይም። ከዓሣ ቆሻሻ አሞኒያ የሚባል፣ ዓሣ የሚገድል መርዝ ይወጣል። አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ እሱን ደግሞ ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች ገንዳዋ ውስጥ ባለው ድንጋይ ላይ እስኪበዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። እኔ ቤቱ ሳይሠራ እንግዳ ጠራሁ። ከአዲስ አበባ በፎም ሳጥን፣ ጭኔ ላይ አድርጌ ያመጣኋቸውን ሁለት ዓሦች በአራተኛው ቀን ጠዋት ተንሳፍፈው አገኘኋቸው። የዚያኑ ቀን ማታ ደውለህ «እንዴት ናቸው?» አልከኝ። «አሪፍ ናቸው» አልኩህ። ከዚያ በኋላ በደወልክ ቁጥር ስልኩን እያየሁ ዝም።

ገንዳዋን ልሸጣት ነበር። ግን ባልዲው ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ ያየኛል። ደግሞ ትዝ አለኝ። ባሕር ዳር ተወልደን፣ ጣናን «ባሕር» እያልን ዋኝተን፣ በታንኳ ሄደን፣ እውነተኛውን ባሕር ግን ሳናይ ነው ያደግነው። አንተ ዱባይ እንደገባህ መጀመሪያ ስትደውል «ውሃው እኮ የምር ጨው ነው!» ብለህ ነበር የጮህከው። እሺ፣ አንድ ጊዜ እንኳ በሥርዓቱ ልሞክረው አልኩ።

እማዬ ሚዛን ላይ ጨው ስመዝን አይታ ምን አለችኝ መሰለህ? «እግዜር ይህን ሁሉ ጣፋጭ ውሃ ደጅህ ላይ አፍስሶልህ፣ አንተ ጨው ገዝተህ ትበጠብጣለህ?» መልስ የለኝም። ጎረቤትማ አይነሣ። የዚህ አገር ሰው ዓሣ ሲያይ የሚታየው ቀረሶ ጥብስ ነው። አንዱ ዝቅ ብሎ መስታወቱን ሲመለከት ቆየና «ለመሆኑ ይበላል?» አለኝ። እንደ አውራ ጣት ለምታክል ዓሣ!

ገንዳዋ 60 ሊትር ትይዛለች። በሊትር 35 ግራም ጨው፣ ሙቀቱ 25 ዲግሪ። የወጥ ጨው አይሆንም፤ ካልሲየሙ፣ ማግኒዚየሙ፣ ሌላውም ሁሉ የለበትም። የቧንቧ ውሃም እንዳለ አይገባም። ሪቨርስ ኦስሞሲስ በሚሉት ማጣሪያ ነው የማሳልፈው። ማጣሪያው የሚጥለውን ውሃ ማንጎው ይጠጣዋል። ዘንድሮ ማንጎው ወፍሯል።

አንድ ነገር ግን ሳልነግርህ አላልፍም። ውሃ ሲተን ጨው አብሮ አይሄድም። እኔ ግን መጀመሪያ ላይ የጎደለውን በጨው ውሃ ስሞላ፣ ጨዋማነቱ እያደር ወጣብኝ። መጨመር የነበረበት ጨው የሌለው ውሃ ነው። ይሄ ሲገባኝ ጣና ራሱ ለምን ጨው እንዳልሆነ ገባኝ። ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራ፣ መገጭ ይገባሉ፤ ይዘውት የመጡትን ጨው ደግሞ ዓባይ እዚሁ ከተማችን ላይ ይዞት ይወጣል። ሻላ ሐይቅን እይ፤ መውጫ የለውም፣ ጨዋማ ሆኖ ቀረ። የኔም ገንዳ መውጫ የላትም። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ዓባይ እኔ ነኝ። 6 ሊትር ቀድቼ እደፋለሁ፤ 210 ግራም ጨው የሟሟበት አዲስ 6 ሊትር እተካለሁ። የተጠራቀመው ናይትሬትም የሚቀንሰው በዚሁ ነው።

በነሐሴ አንድ ቀን ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ይመጣል እያልን ብንጠብቅ የለም። ፓምፑ ቆሟል። እኛ ያለነው 1,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነው፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ሙቅና ጨዋማ ሲሆን ደግሞ ይብስበታል። 5 ሰዓት ሲሆን ሁለቱም ዓሦች ላይ ላዩን ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱ ጀመር። ጣሳ አነሣሁ። ቀድቼ፣ ከፍ አድርጌ፣ መልሼ ማፍሰስ። ውሃው አየር ይዞ እንዲገባ ነው። ልጄ በሞባይል ታበራለች። ሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ እጄ ሲዝል ከኋላዬ «አምጣ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። እማዬ ናት። ነጠላዋን አጣፍታ ተቀመጠችና ሻይ እንደምታበርድ አድርጋ ከላይ ታወርደው ገባች። ለዓሦቹ «አይዟችሁ» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጠዋት ብነግራት «እኔ? ለዓሣ?» ብላ ካደች። መብራቱ 11 ሰዓት ላይ መጣ። ማንም አልሞተም። በማግስቱ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ፍለጋ ወጣሁ።

አዎ፣ ሁለት ዓሦች አሉኝ። እነዚያው ያልከኝ ዓይነት፣ ክላውንፊሽ የሚሏቸው፣ ብርቱካናማ ሆነው ሦስት ነጭ መቀነት የታጠቁ። ስድስት ሳምንቱን ቆጥሬ ነው ያስገባኋቸው፤ እንዲያውም ሰባት። ሁለቱም ወንድ ሆነው ነው የሚወለዱት፤ ከጥንዱ ትልቁ በኋላ ሴት ይሆናል። የኔዋ አሁን ሴት ሳትሆን አትቀርም። ባሏን ጥግ ታስይዘዋለች።

ኮራልም አለኝ፤ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖር፣ አበባ የሚመስል የባሕር እንስሳ ነው፤ የኔን ዓይነት ዞአንቲድ ይሉታል። ስገዛው ዘጠኝ ራስ ነበር። ትናንት ልጄ 31 ቆጠረች። ጠዋት መብራቱ ሲበራ መጀመሪያ ምንም የለም፤ ቡናማ ቁልፍ የተደረደረ ነው የሚመስለው። ቆይቶ አንዷ ጠርዟን ፈታ ታደርጋለች። ከዚያ ጎረቤቷ። ቡና ተፈልቶ እስኪወርድ ድንጋዩ በሙሉ አደይ የወጣበት መስክ ይሆናል፤ መሐሉ አረንጓዴ፣ ዳሩ ቢጫ። ሥጋቸው ውስጥ የሚኖር አልጌ አለ፤ ብርሃኑን ምግብ አድርጎ የሚቀልባቸው እሱ ነው። ማታ መብራቱ ሲጠፋ ይከደናሉ። እማዬ ያኔ «ተኙ» ትላለች።

ውሸቴን ይቅር በለኝ። ደውል፤ አሁን አነሣለሁ። በቪዲዮ ደውል፣ በጠዋቱ ቢሆን ሲከፈቱ አሳይሃለሁ።

ጨው ሲያልቅበት አስታወሰኝ ብለህ እንዳትታዘበኝ። ግን ባልዲው ሥሩ እየታየ ነው።

ወንድምህ