ግንቦት 24 ላሞቹን ጭኜ እሄዳለሁ

ውድ አባባ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎን ተሻለዎት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ባለፈው በስልክ «ቤቱን መቼ ነው የምትሠራው?» ሲሉኝ ዝም ያልኩት ፈርቼ ነው። የቤቱን ገንዘብ ላም ገዛሁበት። አሁን 180 ላም አለኝ። ስድሳዎቹ ተቀጥሬ ስሠራ ከጥጃነት ጀምሬ ያሳደግኋቸው ናቸው። የቀሩትን የገዛሁት በቤቱ ገንዘብና በባንክ ዕዳ ነው።

አይደንግጡ፣ ነገሩን እርስዎም ያውቁታል። የጎረቤት ላም በርቢ ይዘው የለ? ዳለቻ ወደ ቤታችን የመጣችው በዚያ አይደል? እዚህ ኒውዚላንድ ነገሩ ተገልብጦ ነው። ባለመሬቱ መሬቱን፣ ማለቢያውንና የምኖርበትን ቤት ይሰጠኛል። ላሞቹ፣ ትራክተሩና ጉልበቱ የኔ። የወተቱን ገንዘብ እኩል እንካፈላለን። እነሱ ሼርሚልኪንግ ይሉታል፣ እኔ «እኩል አላቢ» ብዬዋለሁ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1937 ሕግ የወጣለት የቆየ ሥራ ነው።

ጥጃዎቹ ግን ሙሉ በሙሉ የኔ ናቸው። ዋናው ነገር እሱ ነው። መንጋው ሲበዛ ግማሹን ሸጦ ለመሬት ቀብድ መክፈል ይቻላል። እዚህ ብዙ ሽማግሌ ገበሬ ባለመሬት የሆነው እንደዚያ ነው። አሁን መሬቱ ስለተወደደ መንገዱ ጠቧል፣ አልደብቅዎትም።

ወተቱም በሊትር አይከፈልም፤ በውስጡ ባለው ቅባትና ፕሮቲን ነው፣ በኪሎ። በፈረንጅ 2013/14 የምርት ዘመን ፎንቴራ የሚባለው የገበሬዎች ኅብረት ለኪሎ 8 የኒውዚላንድ ዶላር ከ40 ሳንቲም ከፈለ። ከሁለት ዓመት በኋላ 3 ዶላር ከ90 ገባ። የላም ዋጋም አብሮ ወረደ። ሀብቱ ላም ብቻ የሆነ ሰው በሁለት በኩል ተመታ። እኔን ሌሊት የሚቀሰቅሰኝ ይኼ ነው።

የምንዛወረው ግንቦት 24 ነው፣ በነሱ ጁን 1። በዚያ ሰሞን ብዙ የአገሩ እኩል አላቢ እርሻ ይቀይራል። ላም፣ ሶፋ፣ ውሻ፣ ሁሉም በመኪና ተጭኖ መንገዱን ይሞላዋል። ጊዜው ክረምት ስለሆነ ላሞቹ ነጥፈዋል። ሐምሌ ላይ መውለድ ሲጀምሩ እንቅልፍ የሚባል ነገር አይኖርም፣ ስልክ ባላነሳ አይቀየሙኝ።

ለመስቀል የምልከው ዘንድሮ ያንሳል። ለእማማም እርስዎ ይንገሩልኝ፣ እኔ አፍሬአለሁ።

ላሞቹ ስም የላቸውም፣ ጆሯቸው ላይ ቁጥር ነው ያለው። አንዷን ግን ዳለቻ ብያታለሁ። እንደዚያችው እልኸኛ ናት፣ ትራገጣለች።

እሑድ እደውላለሁ። ምርቃትዎን አዘጋጅተው ይጠብቁኝ።

ልጅዎ