ያልጻፍኩት ጥያቄሽ

የካ አባዶ፣ አዲስ አበባ
ግንቦት 2017 ዓ.ም.

እህት ዓለም፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ? እማማ እግራቸው ተሻላቸው ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ስትደውዪ አላነሳም ነበር፤ በኋላ አንቺም ተውሽው። ሦስት ዓመት ሞላው። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ አልዋሽሽም። አፍሬሽ ነው። አሁንም እያፈርኩ ነው የምጽፍልሽ፤ ግን ከዚህ በላይ ከቆየሁ ጨርሶ የማልጽፍልሽ መሰለኝ።

ያንን የ2014ቱን የሚያዝያ የመምህራን ስብሰባ እንደማትረሺው አውቃለሁ። ለትምህርት ቤቱ የሚሰጠው ድጎማ በተማሪ ቁጥር ተሰልቶ መጥቷል፣ ላብራቶሪው እንደተቆለፈ ነው፣ ሽንት ቤቱ ውሃ የለውም፣ ብሩ ምን ላይ ዋለ ብለሽ ጠየቅሽ። «ይህ አንድነታችንን የሚሸረሽር ንግግር ነው» አሉሽ የያኔው ርዕሰ መምህር። ከተሰበሰበው መምህር ሁሉ አንድ ሰው እንኳ «ጥያቄው ይመለስ» አላለም። እኔ ጎንሽ ተቀምጬ ቃለ ጉባኤ እይዝ ነበር፤ ዓይኔን ከወረቀቱ ላይ አላነሳሁም። ሻይ ቤት ስንገናኝ «ልክ ነሽ» ያሉሽ ሁሉ፣ እኔም ጭምር፣ አዳራሹ ውስጥ አላየንሽም። የዝውውር ደብዳቤሽ ሲመጣ ደግሞ የስንብት ቡና አፍልተን ሸኘንሽ። ያ ቡና እስከ ዛሬ ይተናነቀኛል።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ተማሪዎቻችን የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን አገር አቀፍ ፈተና ዩኒቨርሲቲ ገብተው ተፈተኑ። ኩረጃን ለመከላከል ተብሎ እንደዚያ ሲደረግ የመጀመሪያው ዓመት ነበር። ጥር 2015 ላይ ውጤቱ ሲነገር ባገር ደረጃ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ሆነ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከሺህ በላይ ነበሩ። የእኛን አልነግርሽም፤ አንቺ ያኔውኑ ነግረሽን ነበር። በሚቀጥለው ዓመትም 3.2 በመቶ ሆነና ያልተነሳ ሰበብ አልቀረም። መምህሩ በወላጅ አሳበበ፣ ወላጁ በመምህሩ፣ ሁለቱም በልጆቹ ስልክ።

ከሁሉ የከፋው ግን ልጆቹን በመጡበት መንደር መክፈላችን ነው። አንዱ ከኮንዶሚኒየሙ፣ ሌላው ከለገዳዲ በኩል ካለው ከገበሬው መንደር ይመጣል። አንዱ በአማርኛ፣ ሌላው በአፋን ኦሮሞ ጀምሮ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ይገናኛል። እዚያ ሁለቱንም የሚጠብቃቸው የእንግሊዝኛ የፊዚክስ መጽሐፍ ነው። ሁለቱም እኩል ይደናበራሉ እኮ! እኛ ግን «የእነሱ ልጆች ናቸው ውጤት የሚጎትቱት» መባባል ጀመርን። የመምህራን ማረፊያው ሁለት ጠረጴዛ ሆነ። ለቅሶ ሲደርስ እንኳ መዋጮው በሁለት ወረቀት ይዞር ነበር። ይህን ስጽፍልሽ እጄ ይከብደኛል፤ የአንደኛውን ወረቀት ስም ዝርዝር የያዝኩት እኔ ነኝና።

2016 አጋማሽ ላይ አዲስ ርዕሰ መምህርት ተመደቡልን። ዝምተኛ ሴት ናቸው። በመጀመሪያው ስብሰባ ስለ አንድነት ይናገራሉ ብዬ ብዕሬን አዘጋጅቼ ጠበቅሁ፤ ቃሉን አላነሱትም። በሳምንቱ ግን የማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የድጎማው ገቢና ወጪ ተለጥፎ አገኘነው፤ የጠመኔው፣ የወረቀቱ፣ የቧንቧ ሠራተኛው ሒሳብ ሁሉ ሳይቀር። ተማሪዎች ሳይቀሩ ከበው ያነቡት ነበር። የክፍለ ጊዜ ድልድሉና አበል ያለው ሥልጠና የሚሄደው ሰው ምርጫ ደግሞ ሁላችን ፊት በተራ ሆነ። አስቢው፣ የሁለቱ ጠረጴዛ ጠብ ግማሹ ለካ ማን ሥልጠና ሄደ የሚል ነበር።

አሁን የምነግርሽን ግን አንቺ በዓይንሽ ብታዪው ደስ ይለኝ ነበር። ዘንድሮ ኅዳር ላይ የወላጆች ስብሰባ ነበረን። በኮሪደር ልማቱ ከመሃል ከተማ ተነስተው የመጡ ልጆች ስለተጨመሩብን አዳራሹ ጢም ብሏል። ርዕሰ መምህሯ ተነሱና እንዲህ አሉ፦ «ትምህርት ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው የተሰበሩትን ኮምባይንድ ዴስኮች በያጅ አስገብቼ አስጠግኛለሁ። ሦስት ፕሮፎርማ አልሰበሰብኩም፣ የግዥ ኮሚቴውም አልወሰነም። ልጆቹ መሬት እንዳይቀመጡ ብዬ ነው፤ ቢሆንም ጥፋት ነው፣ ጥፋቱም የእኔ ነው። ለወረዳው በጽሑፍ አሳውቄያለሁ።»

አዳራሹ ጸጥ አለ። ከኋላ አንድ ጋቢ የለበሱ አባት ተነስተው በአፋን ኦሮሞ መናገር ጀመሩ። ድሮ ቢሆን «አማርኛ የሚችል ሰው ይናገርልዎ» ተብለው ይቀመጡ ነበር። የስፖርቱ መምህር፣ ከዚያኛው ጠረጴዛ የሆነውና ከእኔ ጋር ሰላምታ እንኳ ያልነበረው፣ ማንም ሳያዘው ተነስቶ ተረጎመላቸው። ያሉት ይህን ብቻ ነበር፦ «ሁለት ልጆቼ እዚሁ ተምረው ወድቀው ቤት ገብተዋል። እስከ ዛሬ እንዲህ ብሎ የነገረን ሰው ለምን አልነበረም?»

መልስ የሰጠ የለም። እኔ ግን አንቺን አሰብኩ። የሚነግራቸው ሰው ነበራቸው እኮ፤ ዝም ያሰኘናት እኛ ነን።

ሁሉም ተስተካከለ አልልሽም። ጠረጴዛዎቹ ዛሬም ሁለት ናቸው፤ ሰዎቹ ግን ይቀያየራሉ። መጋቢት ላይ የጥበቃው አባባ ባለቤታቸው ሲያርፉ መዋጮው በአንድ ወረቀት ዞረ። ላብራቶሪው ተከፍቷል፤ ኬሚካሉ ጥቂት ነው፣ ማይክሮስኮፖቹም ከሁለቱ አንዱ ብቻ ነው የሚሠራው፣ ቢሆንም ልጆቹ የሽንኩርት ልጣጭ አይተውበታል። አምና ባገር ደረጃ ያለፈው 5.4 በመቶ ነበር፤ የዘንድሮዎቹ ሊፈተኑ ሳምንታት ቀርቷቸዋልና ቅዳሜም እናስተምራለን። ርቧቸው ይመጣሉ። ምገባው የታችኞቹን ክፍሎች ነው የሚያዳርሰው። ይህ በጣም ያሳስበኛል፤ ሌላ ጊዜ በሰፊው እጽፍልሻለሁ።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ሌላ ነው። ባለፈው ሳምንት የ2014ቱን ቃለ ጉባኤ መዝገብ አስወጥቼ አነበብኩት። የእኔው የእጅ ጽሑፍ ነው። ጥያቄሽ የለበትም። ስምሽም የለበትም። መጨረሻው ላይ «ስብሰባው በአንድነት መንፈስ ተጠናቀቀ» ይላል።

ማንም አላዘዘኝም፤ ራሴ ነኝ የጻፍኩት።

መዝገቡን ይዤ ርዕሰ መምህሯ ዘንድ ሄድኩና ነገርኳቸው። «የድሮው አይሰረዝም፤ የዛሬውን ቀን ጽፈሽ፣ ማረሚያ ብለሽ አያይዢበት» አሉኝ። አንድ ገጽ ጻፍኩ፤ ግን ገና አልፈረምኩበትም። ጥያቄሽን እኔ እንደማስታውሰው ከዚህ ደብዳቤ ጋር ገልብጬ ልኬልሻለሁ። የተናገርሽው አንቺ ነሽና አንብቢው፤ የጎደለ ወይም የተዛባ ቃል ካለ አርመሽ መልሺልኝ። እስከዚያ ገጹን በመሳቢያዬ አቆየዋለሁ።

የአንቺው