ማሙሽን መብራቱን አሳዪልኝ

ልጄ፣

እንዴት ነሽልኝ? ፈተናው እንዴት ሆነ? እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ብርዱ ጠንቷል። አባትሽ ጠዋት ጠዋት የመኪናውን መስታወት በረዶ ሳይፍቅ መውጣት አልቻለም። ሁላችንም ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

የምጽፍልሽ በስልክ የጀመርነውን ሳንጨርስ ስለተቋረጠ ነው። ለእረፍት ስትመጪ ወንድምሽን ማሙሽን ዙላይትስ፣ የዋሽንግተኑ መካነ እንስሳት (ዙ) በታኅሣሥ ማታ ማታ የሚያበራውን መብራት ለማየት፣ ውሰጂልኝ ብዬሽ ነበር። አንቺ ደግሞ «እማዬ፣ ያ ሁሉ መብራት እንስሳቱን አይረብሽም? እንስሳ ካልታየስ ማታ ዙ መሄድ ምን ያደርጋል?» አልሽኝ። የሻይ ሰዓቴ አልቆ ስለነበር ቶሎ ዘጋሁት። ጥያቄሽ ግን ሲመላለስብኝ ሰነበተ። ባዮሎጂ የምትማር ልጅ እንዲህ ብላ መጠየቋ ደስ ብሎኛል። እንደሚገባው ልመልስልሽ።

መጀመሪያ ግን ለምን አጥብቄ እንደያዝኩት ልንገርሽ።

እዚህ አገር ስመጣ ብርድ አለ ተብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ስለ ጨለማው ግን የነገረኝ ሰው አልነበረም። አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የምትጠልቀው አስራ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። እዚህ ታኅሣሥ ላይ አስራ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ትጠፋለች። ከቤት ስወጣ ጨለማ፣ ስመለስ ጨለማ። መንገዱ ጭር ይላል፣ ሰው ሁሉ በሩን ዘግቶ ይቀመጣል። «ቡና ጠጡ» ብሎ የሚጣራ ጎረቤት የለም። አባትሽ እስከ እኩለ ሌሊት ታክሲ ይነዳል። አንቺና እኔ ባለ አንድ ክፍሏ ቤት ውስጥ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብለን እናመሻለን። ሆድ ይብሰኝ ነበር። አንቺም ውጪ ውጪ እያልሽ ታለቅሺ ነበር።

አብራኝ የምትሠራ የጎንደር ልጅ ናት ያወጣችኝ። «ዋሽንግተን ዙ ማታ ማታ መብራት አለ፣ ደግሞ በነጻ ነው፣ ልጅሽን ይዘሽ ውጪ» አለችኝ። በዚያ ብርድ ሕፃን ይዞ ማታ መውጣት ለኔ የማይታሰብ ነበር። እሷ ግን አልለቀቀችኝም፣ ራሷ መጥታ ይዛን ሄደች።

አንቺ ያን ማታ አታስታውሺው ይሆናል። ከኮኔቲከት ጎዳና በዋናው በር ስንገባ ዛፎቹ ከግንዳቸው እስከ ቅርንጫፋቸው በመብራት ተጠምጥመዋል። በመብራት የተሠሩ እንስሳት አሉ። ሙዚቃ አለ፣ የተጠበሰ ፈንዲሻ ይሸታል። ከሁሉ በላይ ግን ሰው አለ! አያቶች፣ በጋሪ የሚገፉ ሕፃናት፣ ስፓኒሽ የሚያወሩ፣ ቻይንኛ የሚያወሩ፣ በአማርኛ «ኧረ ልጁን ያዢው!» የምትል እናት። በዚያ ጨለማ ወቅት ይህ ሁሉ ሰው ከየት ወጣ ብዬ ገረመኝ።

አንድ ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ ጋ ስንደርስ ጓንትሽን በጥርስሽ ጎትተሽ አውልቀሽ አንዷን ሰማያዊ አምፖል ጨበጥሽ። ተቃጠለች ብዬ ዘልዬ እጅሽን ያዝኩ። አምፖሏ ግን እንደ ድንጋይ ቀዝቃዛ ናት። መስታወቷ ላይ ስስ በረዶ ይዞባታል። በጣትሽ ፋቅሽውና ብርሃኑ ሲደምቅ ቀና ብለሽ አየሽኝ። ከዚያ ያገኘሽውን አምፖል ሁሉ ካልፋቅኩ አልሽ። ኤልኢዲ የሚባለው አምፖል ኤሌክትሪኩን የድሮውን ያህል በሙቀት እንደማያባክን ያወቅኩት በኋላ ነው። እንደ ድሮው አምፖል ስለማይግል በረዶው አይቀልጥለትም። በዚያን ጊዜ ከ500,000 በላይ እንዲህ ያለ አምፖል ይሰቅሉ ነበር።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ።

እንስሳቱ በዚያ ሰዓት አብዛኞቹ አይታዩም። ልክ ነሽ፣ በየቤታቸው ገብተዋል። ማሙሽ አንበሳ አያለሁ ብሎ ከሄደ ስለሚከፋው ከቤት ሳትወጡ ንገሪው። መብራት ፍጥረትን አይነካም ብዬ አልከራከርሽም። ሌሊት የሚበሩ ስደተኛ ወፎችን መንገድ እንደሚያስት፣ ነፍሳትንም እየሳበ እንደሚጨርስ የነገርሽኝ አንቺው ነሽ። ግን ጊዜውን እዪው። እነዚያ ወፎች በዚህ የሚያልፉት በጸደይና በመጸው ነው። በታኅሣሥ ነፍሳቱም በብርዱ ምክንያት የሉም ማለት ይቻላል። መብራቱም የሚቆየው ለጥቂት ሳምንታት፣ ያውም ለምሽቱ ጥቂት ሰዓት ነው። እኔ እንደማየው ከተማው ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ሌሊቱን በሙሉ የሚበራው የመሥሪያ ቤት ፎቅ ይብሳል። ደግሞ ስለ ስደተኛ ወፎች የሚያጠናው የስሚዝሶኒያን (ዙውን የሚያስተዳድረው ተቋም) ማዕከል ያለው እዚያው ዙ ውስጥ ነው። የወፎቹ ቤት ታድሶ እ.ኤ.አ. በ2023 ሲከፈት ስለ ስደተኛ ወፎች እንዲያስተምር ተደርጎ ነው የተሠራው። ጥያቄሽን ይዘሽ ቀን ሂጂና እዚያ ያሉትን ሰዎች ጠይቂያቸው። ከእኔ የተሻለ ይመልሱልሻል።

ሌላም ጉዳይ አለኝ። ማሙሽ ሰሞኑን ከትምህርት ቤት መጥቶ «እዚህ የእኛ አገር ነገር ምን አለ?» አለኝ። ክፍል ውስጥ ሁሉም ስለ ቤተሰቡ አገር ተናግሮ ነበር፣ እሱ ከእንጀራ ሌላ የሚለው ጠፋው። እዚያ ስትዞሩ ከእኛ አገር የመጣውን የሜዳ አህያ፣ የዳንን ታሪክ ንገሪልኝ። እ.ኤ.አ. በ1903 መጨረሻ ሮበርት ስኪነር የሚባል የአሜሪካ መልእክተኛ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ከአጼ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ተፈራረመ። በማግስቱ ዓመት ደግሞ ከምኒልክ ለፕሬዝዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በስጦታ የተላከ የሜዳ አህያ ዋሽንግተን ገባ። ዳን አሉት። መጀመሪያ ያረፈው እዚሁ ዙ ነው። ቆይቶ የግብርና መሥሪያ ቤቱ ወሰደው። ከፈረስና ከአህያ ጋር አዳቅለው ለሥራ የሚሆን ብርቱ እንስሳ ለማግኘት ነበር ሐሳባቸው። ዳን ግን አልገራ አለ፣ የቀረበውን ሰው ሊነክስ ይነሳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1919 እዚሁ አገር ሞተ።

ዝርያው የግሬቪ የሜዳ አህያ ይባላል። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1882፣ ለፈረንሳዩ ፕሬዝዳንት ለዡል ግሬቪ አንዱን ልከውለት ስሙ በእሱ ቀረ። መስመሩ ቀጫጭን፣ ጆሮው ሰፊና ክብ ነው። ዛሬ በዱር የቀረው ኢትዮጵያና ኬንያ ውስጥ ብቻ ነው፣ እኛ ጋ አፋር ውስጥ አላይደጌ ላይ ይገኛል። ማሙሽ ይሄን ለክፍል ጓደኞቹ ሲናገር ይታየኛል።

ቀን ስትሄዱ ደግሞ ትናንሾቹ አጥቢዎች ቤት ውስጥ ጸጉር የለሾቹን ፍልፈሎች አሳዪው። እነሱም የምሥራቅ አፍሪካ ናቸው፣ ኢትዮጵያም አሉ። እንደ ንብ ንግሥት አላቸው፣ የምትወልደው እሷ ብቻ ናት። ጥርሳቸው ከከንፈራቸው ውጪ ስለሆነ አፈር ሳይውጡ ይቆፍራሉ። ማሙሽ ከመስታወቱ አይነቀልልሽም።

እኔ ያደግኩት ስድስት ኪሎ ነው። ጃንሆይ በ1940 ዓ.ም. ያቋቋሙት አንበሳ ግቢ ቅርባችን ነበር። ሌሊት አንበሶቹ ሲያገሱ ድምፁ ቤታችን ድረስ ይሰማል፣ እናቴ «ተኙ፣ አንበሳውም ሊተኛ ነው» ትለን ነበር። በዓል ሲሆን አዲስ ልብስ ለብሰን እዚያ ካልሄድን በዓሉ በዓል አይመስለንም። ለእናንተ ያንን ማምጣት አልችልም። ይሄኛው ግን የእናንተ ነው፣ የእናንተ ከተማ ነው። አንቺ ትልቅ እስክትሆኚ ይዤሽ ሄጃለሁ። ማሙሽ ከተወለደ ወዲህ ግን የማታ ፈረቃ ገባሁ። ዘንድሮም ፈረቃ የሚቀይረኝ ሰው ለምኜ አላገኘሁም። አሁን ሰባት ዓመቱ ነው፣ መብራት አይቶ አፉን የሚከፍትበት ዕድሜ ሊያልፍበት ነው። ከእኔ ቀጥሎ ደስ የሚለኝ ካንቺ ጋር ቢያየው ነው።

በይ እንግዲህ ስሚኝ። ቀን መግቢያው አሁንም በነጻ ነው፣ ለመብራቱ ማታ ግን ትኬት ያስከፍላሉ። ቅዳሜ ይጨናነቃል፣ በሥራ ቀን ያዢ። ከሲልቨር ስፕሪንግ በባቡሩ ቀይ መስመር ሂዱ። ስትሄዱ ውድሊ ፓርክ እንዳትወርዱ፣ እስከ በሩ ዳገት ነው። አንድ ጣቢያ እለፉና ክሊቭላንድ ፓርክ ውረዱ፣ መንገዱ ለጥ ያለ ነው። ስትመለሱ ግን ቁልቁለት ስለሚሆንላችሁ በውድሊ ፓርክ ኑ። ግቢው ራሱ ከዋናው በር ወደ ሮክ ክሪክ እያዘቀዘቀ ነው የሚሄደው። መውረዱ ደስ ይላል፣ መመለሻው ዳገት ነው። ሩቅ ሳትሄዱ ጉልበቱን እዪለት፣ ደክሞት እዘሉኝ ቢል አትችዪውም።

ሁለት ካልሲ አልብሺው። ኮፍያውን ያወልቃል፣ አትስሚው። በፔርሙዝ ቀረፋና ቅርንፉድ ያለው ሻይ አፍልቼ አስቀምጥላችኋለሁ፣ ዳቦ ቆሎም አለ። አንቺ የነቢያትን ጾም የያዝሽ እንደሆነ የሚሸጡት ትኩስ ቸኮሌት ወተት አለበትና ጠይቀሽ ግዢ። ለእሱ ግን ግዢለት፣ ልጅ ነው። ለገና ሁላችንም ቤት ስለሆንን ዶሮውን አብረን እንሠራለን፣ ሽንኩርቱን አንቺ ትከትፊያለሽ።

የትኬቱን ገንዘብ ዛሬ ማታ በስልክ በዜል እልክልሻለሁ። ቀኑን ቆርጠሽ ንገሪኝ፣ ለማሙሽ እስክትመጪ አልነግረውም፣ እንቅልፍ ይነሳኛል። ባቡር ስትሳፈሩ ደውዪልኝ፣ ባላነሳ መልእክት ተዪልኝ።

እናትሽ